ፈሰስ ሳላወጣ የቆፈርኩት ጓሮ

ሰኔ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቢሮ የሚውል ሰው ሁሉ ገበሬ ልሁን ይለዋል። ግንቦትን በአቧራ የከረመ ጓሮ በሁለት ዝናብ ይለመልማል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ገብቶ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ችግኝ ሻጮች ጎመኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በየመንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። እኔንም በ2006 ዓ.ም. ይኸው ነገር ያዘኝ። በዚያ ክረምት የሠራሁት ጥፋት የጎረቤቴን ማድ ቤት አፈረሰ። ታሪኩን የምጽፈው ለጀማሪ ነው፤ ዶማ ገዝቶ ቅዳሜን በጉጉት ለሚጠብቅ ሰው።

ወደ ራሳችን ቤት ከገባን ገና ሦስት ወራችን ነበር። ከቤቱ ጀርባ መቶ ካሬ ሜትር የሚሆን ጓሮ አለ። ላይኛው ክፍል ቀይ አፈር ነው፤ ወደ ታች ወርዶ ከጎረቤታችን አጥር ሲጠጋ ዋልካ ይሆናል። መሬቱ ወደ እሷ ግቢ ማዘንበሉን አይቻለሁ። ይህን እንኳ እንደ ጸጋ ነው የቆጠርኩት፤ ውሃው ሳልደክም ከላይ እስከ ታች ያጠጣልኛል ብዬ።

እናቴ ያን ክረምት እኛ ዘንድ ነበረች። ያደገችው ጮቄ ተራራ ሥር፣ ስናን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ግንቦት 30 ማለዳ ዶማዬን ይዤ ስወጣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከበሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ በቀዳሚት ሰንበት መሬት አይቆፈርም።»

«እማዬ፣ ሌላ ቀን የለኝም እኮ። አምስቱን ቀን ቢሮ ነኝ።»

ዝም አለች። ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች ስታየው ቆየችና «ፈሰሱን በየት ልታወጣው ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ፈሰስ የጎጃም ገበሬ ከዘራ በኋላ ማሳውን በሰያፍ እየቀደደ በማረሻ የሚያወጣው የውሃ መውረጃ ነው። «ይህ እኮ ጓሮ እንጂ ማሳ አይደለም» ብዬ መለስኩላት። በዚያ ክረምት ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በአጭሩ ልናዘዝ። አንድ ቪዲዮ አይቼ መደቦቹን ከመሬት በታች ጎድጓዳ አድርጌ ቆፈርኳቸው። ቪዲዮው ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር የተሠራ ነው፤ እዚያ ጎድጓዳ መደብ ጠብታዋን ሁሉ ይይዛል። ሰማዩ ራሱ በሐምሌ በሚቀደድበት በጎጃም ግን ጎድጓዳ መደብ ማለት ገንዳ ማለት ነው። ከጋሪ ፈረሶች የለቀምኩትን ትኩስ ፋንድያም ሳይብላላ አፈሩ ውስጥ ቀበርኩት። ሙቀቱ የችግኙን ሥር ለበለበው፤ የተረፈው ቦታ ላይ ደግሞ ፈረሱ የበላው ሣር ሁሉ በቀለ። ለዘር የተጠቀምኩት ከገበያ ለወጥ የተገዛ ድንች ነው። ይባስ ብዬ በክረምት፣ በደጋ፣ ያለ መጠለያ ቲማቲም ተከልሁ። ይህን ሁሉ በሁለት ቅዳሜ ስለጨረስኩት ወገቤ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሽማግሌ አስጎነበሰኝ።

ሆኖም ሰኔን ሙሉ ንጉሥ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናችንን ጓሮ አውጥተን እንጠጣለን፤ የድንቹ ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ልጄ ትቆጥረዋለች። ጎድጓዳው መደብ ውስጥ ውሃ አቁሮ ሳይ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። «አፈሩ እየጠጣ ነው» እላለሁ። ዋልካ ግን አንዴ ከጠገበ አይጠጣም፤ ያንቃል።

የሐምሌ ገብርኤል ያን ዓመት ቅዳሜ ዋለ። ዋዜማውን አርብ ማታ፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንድ አልጋ ላይ ሆነን እንኳ አልተሰማማንም። እኔ ድንቼ ዛሬ ጠጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተደበደበ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጠላ ጠምቃ የምትተዳደር ትልቅ ሴት። ፋኖሷን ይዛ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች።

«አንተ ልጅ፣ ውሃህን ያዝልኝ!»

ውሃህን ማለቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እውነቷን ነበር። ከጣራዬ የወረደው፣ መደቦቼ ያቆሩት፣ ዋልካው አልጠጣም ብሎ የለቀቀው ሁሉ ከማድ ቤቷ ግድግዳ ሥር ተጠራቅሞ ጭቃውን ከሥሩ አርሶ ንዶታል። በማግስቱ ለበዓል የሚቀዳው ጋን ተሰብሮ ጠላው ከጎርፉ ጋር ሄዷል። ሰው አለመጎዳቱ ብቻ ነው መጽናኛው፤ ውሃውም ገና እየመጣ ነበር።

ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ስቆም እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ወጣች። «ዶማውን አምጣ» አለች። ቅዳሜም ገብርኤልም መሆኑን ላስታውሳት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦ «በሰንበት ጉድጓድ የገባችውን በግ አታወጣትም ወይ?» አለችና ከላይኛው ጥግ ጀመረች። እኔ በደመ ነፍስ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ቦይ መቆፈር ጀምሬ ነበር። እጄን ያዘችው። «ቁልቁል ከለቀቅኸው ይሮጥና አፈሩን ይዞት ይሄዳል። አግድም ምራው፤ ይራመድ።» በሰያፍ፣ ድንቼን መሃል ለመሃል እየቀደደች፣ ወደ መንገዱ ቦይ የሚያወጣ ፈሰስ አወጣች። እኔ ከኋላ በአካፋ ጠረግሁ። ሲነጋ ውሃው መንገዱን ይዞ ይወርድ ነበር። የሰባት ሳምንት ድንቼ ግማሹ ተገልብጦ ተኝቷል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጎረቤታችን ብዙ አልተናገረችም፤ «የጠላዬን ዋጋ አልጠይቅም፣ ግድግዳዬን መልሱልኝ» አለች። ጭቃ ግን በክረምት አይደርቅም፤ ምርጊት እስከ ጥቅምት መቆየት ነበረበት። ስለዚህ የፈረሰውን በቆርቆሮና በላስቲክ ጋርደን፣ እሷ እስከ መስቀል ማግስት ድረስ እኛ ማድ ቤት ውስጥ ጠመቀች። ሁለት ወር ሙሉ ቤታችን ብቅልና ጌሾ ሸተተ። ጥቅምት ላይ ግድግዳው ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለት ሲሠራ የወጪው መጠን ወደ አንድ ወር ተኩል ደመወዜ ደረሰ። የጓሮ አትክልት ወጪ ይቀንሳል ሲባል ስሰማ ዛሬም ፈገግ እላለሁ።

የቀረውን ድንች በነሐሴ መጀመሪያ በሽታ ጨረሰው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወጣ፤ ጠዋት ቅጠሉን ስገለብጠው ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አለበት። በአምስት ቀን ውስጥ ሁሉም ጠቁሮ ሸተተ። ሰፈርተኛው «ምች መታው» አለ። አንድ የግብርና ባለሙያ እንዳስረዱኝ ግን ብርድና እርጥበት ሲገናኙ የሚዛመት በሽታ ነው፤ በነፋስና በዝናብ ፍንጣቂ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ቲማቲምንም ይይዛል። የእኔ ቲማቲምም ከድንቹ ጋር ሄደ።

በ2007 ዓ.ም. ዶማ ሳላነሳ ጀመርኩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ከልጄ ጋር ጓሮ ወጣሁ። እሷ ከደብተሯ ወረቀት ጀልባ እየሠራች ከላይ ትለቃለች፤ ጀልባው በሄደበት ሁሉ እኔ ችካል እተክላለሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃው ጓሮዬን እንዴት እንደሚያቋርጠው በችካል ተሥሎ አየሁት። ከምመክራችሁ ሁሉ ይህን አስቀድሙ። ምንም አያስወጣም፣ ልጆች ይወዱታል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ማንም አያሳያችሁም።

ያን ቀን ያስደነገጠኝ ትልቁ ውሃ ከሰማይ በቀጥታ የሚወርደው አለመሆኑ ነው። ከጣራዬ የሚመጣው ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። የእኔ ጣራ 60 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ሌሊት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ200 ሊትር በርሜል ውሃ ከአንድ ጥግ ይወርዳል። አሸንዳ አልነበረኝም። ያን ሁሉ በርሜል በጎረቤቴ ግድግዳ ላይ ስደፋ እንደከረምኩ የገባኝ ያኔ ነው። የመጀመሪያው ሥራዬ ስለዚህ አትክልት አልነበረም፤ ቆርቆሮ ሠሪ ጠርቼ አሸንዳ አስገጠምኩ።

ቀጥሎ ፈሰሱ። ግንበኞች የውሃ ልክ የሚሉትን ውስጡ የሚታይ ቱቦ ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩና የእናቴን ሰያፍ መስመር ለካሁት። በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ እንዲል አደረግሁ። እናቴ በጨለማ፣ በዓይኗ ያወጣችው መስመር ከዚህ ብዙም አልራቀም ነበር፤ ስነግራት «ታዲያ ምን ልታደርግ ለካህ?» አለችኝ። የፈሰሱን ወለል በአካፋ ስፋት አድርጌ ሰርዶ እንዲይዘው ተውኩት። ሰርዶ መደብ ውስጥ ጠላት ነው፤ ቦይ ላይ ግን አፈር ይይዛል። ከመቆፈሬ በፊት ጎረቤታችንን ጠርቼ መውጫውን አሳየኋት። እናንተም ውሃችሁ የሚያልፍበት ሁሉ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከጭቃ ግድግዳ አጠገብ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ሳትቆፍሩ ተዉ፤ ግድግዳው የራሳችሁ ቢሆንም።

መደቦቹን አሁን ከመሬት በላይ ከፍ አደረግኋቸው፦ ስፋታቸው አንድ ሜትር፣ ከፍታቸው ወደ 25 ሳንቲ ሜትር፣ መሃላቸው 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ። አንድ ሜትር ያልኩት ከግራም ከቀኝም እጅ ስለሚደርስና መደቡ ላይ መቆም ስለማያስፈልግ ነው። እርጥብ ዋልካ አንዴ ከተረገጠ እንደ ጡብ ይሆናል። ፋንድያውን ደግሞ ከየካቲት ጀምሬ ከቅጠልና ከአመድ ጋር እየደረብኩ አብላላሁት። አፈር አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው፤ ፈረስ ፈረስ ከሸተተ ይቆይ።

እንግዲህ ሁሉን አዘጋጅቼ ውሃ ስጠብቅ ዝናቡ ቀረ። ያ ዓመት ኤልኒኞ የሚሉት የመጣበት ነው፤ በሀገሪቱ ብዙ አካባቢ ክረምቱ አጥሮ ድርቅ ሆነ። እኛ ዘንድ እንደ ምሥራቁ አልከፋም፤ ቢሆንም ሰኔው አመነታ። ጎርፍ ለመሸኘት ያን ያህል የለፋሁ ሰው ችግኜ ሲጠወልግ ቆሜ አየሁ። እናቴ ሳቀች፤ ክፋት አልነበረበትም። ያዳነኝ በርሜል ነው። ከአሸንዳው ሥር ሁለት በርሜል አቁሜ ስለነበር አንድ ዶፍ ሲጥል ይሞላሉ፤ የሞላው በቱቦ ወደ ፈሰሱ ያልፋል። ማታ ማታ በጣሳ እያጠጣሁ ሦስት ሳምንት አሻገርኩት። በርሜል ስታቆሙ ክዳን አትርሱ፤ ቤታችሁ ሕፃን ካለ ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

የሰንበቱን ነገር እንዴት ፈታችሁት የምትሉ ትኖራላችሁ። ከእናቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ዶማና አካፋ የሚጠይቀው ሥራ አርብ ከቢሮ መልስ ይሠራል፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስኪጨልም አንድ ሰዓት ያህል ይገኛል። የተረፈውን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ማለዳ እጨርሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ዘር መልቀም፣ ችግኝ ማጠጣት፣ ለወጥ የሚበቃ ጎመን መቀንጠስ ይፈቀዳል፤ «ይህ ከሥራ አይቆጠርም» ብላ የፈረደችው እሷ ናት፣ እኔ ይግባኝ አላልኩም። መጀመሪያ የተጫነብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ወገቤ መታመሙን ተወ፤ በአንድ ቀን ሁሉን ለመጨረስ መጣደፌም ቀረ። እጄ ሥራ ሲፈታ ዓይኔ ሥራ ጀመረ። በሌሊት ችግኝ ከሥሩ የሚቆርጠውን ትል ያገኘሁት እሁድ ጠዋት ቡና ይዤ ስቀመጥ ነው፤ የወደቀውን ችግኝ ሥር በጣቴ ስጭር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀንድ አውጣ የት እንደሚያድር፣ ጥላው በየትኛው ሰዓት የትኛውን መደብ እንደሚሸፍን ያወቅሁትም እንዲሁ ተቀምጬ ነው። ዘንድሮ የምትጀምሩ ከሆነ ከእያንዳንዱ የሳምንት መጨረሻ አንዱን ቀን ለመቀመጥ ብቻ ተዉት።

ስለምትተክሉት ነገር ብዙ አልልም፤ አገሩ ያውቃል። የሐበሻ ጎመን ችግኝ በሰኔ መጀመሪያ ከገባ ለፍልሰታ ጾም ቅጠሉ ይደርሳል፤ ነሐሴ ላይ ገበያ ሳልወጣ የምጾመው በእሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ውሃ በማይቆምበት ከፍተኛው መደብ ላይ ይሁን። ካሮት በዋልካ አትሞክሩ፤ እንደ ሰው ጣት ተከፋፍሎ ይወጣል። ቲማቲም ከፈለጋችሁ ዝናብ በማያገኘው በጣራ ክፈፍ ሥር በባልዲ ትከሉት፤ አለዚያ ጥቅምትን ጠብቁ።

ድንች ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የጎጃም ደጋ ሰው ያለ ድንች ክረምትን አይገፋምና። የወጥ ድንች ለዘር አትጠቀሙ። እንደ በለጤና ጉደኔ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ ከታመነ ሰው የእንቁላል መጠን ያለው፣ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣ ዘር ፈልጉ። በመስመር መሃል 75፣ በድንች መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ተዉ፤ ቅጠሉ ነፋስ ካላገኘ ሻጋታውን ትጋብዙታላችሁ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አልብሱት፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ዝናቡ ሳያቋርጥ ከቆየ በየጠዋቱ ቅጠል ገልብጡ። እንደ ማንኮዜብ ያለ መድኃኒት የሚሠራው በሽታው ሳይስፋፋ አስቀድሞ ሲረጭ ነው፤ መጠኑን ከባለሙያ ጠይቁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ አታልቅሱ፦ ግንዱን ከአፈር በላይ አጭዳችሁ ከጓሮ አርቃችሁ ቅበሩ፣ ሥሩን ሁለት ሳምንት አቆይታችሁ በደረቅ ቀን አውጡ። እኔ በ2007 ዓ.ም. የተወሰነው መደብ ሲታመም እንዲህ አድርጌ አብዛኛውን አተረፍኩ። ከበሽታው ይልቅ ፍልፈል ነው የጎዳኝ፤ እሱን እስካሁን አላሸነፍኩትም።

በፈሰሱ ዳር፣ ከጎረቤታችን ጋር በምንዋሰንበት ጉብታ ላይ፣ ያን ዓመት ስድስት የጌሾ ችግኝ ተከልኩ። አፈሩን እንዲይዝልኝ ነበር ሐሳቤ። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ለመጥመቂያ ደረሰ፤ ቀንጥሳ የምትወስደው እሷ ናት፣ ለእኛም በየበዓሉ በገንቦ ይመጣልናል። ጌሾ ልትቀነጥስ በመጣች ቁጥር ጎንበስ ብላ ፈሰሱን ታየዋለች። ባለፈው ሰኔ ቅጠል ሞልቶት አገኘችውና ቅርጫቷን አስቀምጣ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ገብርኤል ሳይደርስ ይህን ጥረገው።»

አርብ ነበር። ዶማውን አመጣሁ።